«ደመና ላይ ነው»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ፣ በውጭ አገር ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች አገልግለው የተሰናበቱ አነስተኛ ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተሮች በዘመድ ሻንጣም በነጋዴ ጭነትም ወደ አገራችን ሲገቡ ይታያሉ። የተለመደው ስማቸው «ክሮምቡክ» ነው። ዋጋቸው ከሌሎቹ ላፕቶፖች ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ገዢዎቻቸው በአመዛኙ ለልጆች ትምህርት፣ ለማመልከቻና ለደብዳቤ፣ እንዲሁም ፎቶግራፍ ለማኖር የሚፈልጓቸው ቤተሰቦች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ በሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች እየተዘዋወረ ሻጮች ይህን ዕቃ ለገዢ የሚያስረዱበትን አነጋገር ሲያዳምጥ ቆይቷል። ደጋግሞ የተሰማው አነጋገር እጅግ አጭር ነው፦ «ዳታው ደመና ላይ ነው»።

ይህ አነጋገር ከመደብሩ ወጥቶ ወደ ማስታወቂያ፣ ወደ ማሠልጠኛ ጽሑፍና ወደ ትርጉም ሥራ እየገባ ነው። «የደመና ኮምፒውተር»፣ «የደመና ማስላት»፣ «የደመና ማከማቻ» የሚሉ ሐረጎች በተርጓሚዎች ረቂቅ ውስጥ እንደ ተለመዱ ቃላት ሲሰፍሩ እናያለን። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የአካዳሚው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አጠራሩ በዓለም ሳይስፋፋ የወጣ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በዚህ ረገድ እርዳታ አይጠበቅም። በመሆኑም ስያሜው በልማድ ብቻ ጸንቶ መዝገብ ከመግባቱ በፊት መመርመር ይገባዋል። ጥያቄው ቃሉ ያምራል ወይስ አያምርም የሚል አይደለም። ዕቃውን በብዙ ወር ቁጠባ የሚገዛ ሰው ምን እንደ ገዛና ንብረቱ የት እንዳለ ቃሉ ይነግረዋል ወይስ ይሰውርበታል የሚል ነው።

በቅድሚያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ክሮምቡክ በሳምሰንግና በኤሰር ተሠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው በሰኔ 2003 ዓ.ም. ነው፤ የሚሠራበት ሥርዓት የጉግል ነው። መሠረተ ሐሳቡም፣ ተጠቃሚው የሚገለገልበት ፕሮግራምና የሚጽፈው ጽሑፍ በአመዛኙ በሩቅ በሚገኙ የኩባንያው ማዕከሎች ይኑር፤ በእጅ ያለው ዕቃ ግን ወደዚያ ማያና መጻፊያ ይሁን የሚል ነው። ስለዚህ ውስጣዊ ማከማቻው ትንሽ፣ በርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ጊጋባይት ብቻ ነው። የዋጋው ማነስም በከፊል የሚመጣው ከዚሁ ነው። መረብ ሲቋረጥ ዕቃው ጨርሶ ድንጋይ ይሆናል የሚለው የአንዳንድ ሰዎች አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ አስቀድመው የተዘጋጁ ሰነዶችን ያለ መረብ ማንበብም ማረምም ይቻላል። ትክክለኛው አባባል፣ ኑሮው በመረብ ነው፤ ያለ መረብ ግን ለጊዜው ይቈያል የሚለው ነው።

በእንግሊዝኛ «ደመና» የሚለው አጠራር የመጣው ከቅኔ ሳይሆን ከንድፍ ወረቀት ነው። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኮምፒውተር መሐንዲሶች የመረብ ንድፍ ሲሥሉ፣ ውስጡን በዝርዝር ማሳየት የማያስፈልጋቸውን ክፍል በደመና ቅርጽ ከበው ያልፉት ነበር። ደመናው «ከዚህ ወዲያ ያለውን ለጊዜው ተወው» ማለት ነበር እንጂ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ይኸው የንድፍ ምልክት የንግድ ስም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የጽንሰ ሐሳቡን ፍች በአምስት መለያ ባሕርያት ወስኖ አወጣ፤ ተጠቃሚው በራሱ ፈቃድ መገልገሉን፣ አገልግሎቱ በመረብ መድረሱን፣ ሀብቱ ለብዙዎች የጋራ መሆኑን፣ እንደ ፍላጎት መስፋት መጥበቡን፣ አጠቃቀሙም መለካቱን። መሐንዲሱ ይህን ፍች ስለሚያውቅ ስሙ አያሳስተውም። ንድፉን አይቶ የማያውቅ የቤት ተጠቃሚ ግን የሚደርሰው ስሙ ብቻ ነው። ፈረንሳዮችም ዐረቦችም ቃሉን እንዳለ ወደየቋንቋቸው መልሰውታል፤ ሆኖም የሌላው መቀበል ለእኛ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ምክንያቱም ደመና በየቋንቋው የተለያየ ታሪክ አለው።

በአማርኛስ? ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር የጉለሌ ሰው ደመና ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። በክረምት ከተራራው ወርዶ ቀጨኔን ያለብሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ወይ ይዘንባል ወይ ይበተናል። ግሡም ይህንኑ ጠባይ ይከተላል፤ ቀኑ ደመነ፣ ፊቱ ደመነ እንላለን። በዚህ አገባብ ደመና መጨለምና አለመጽናት ነው። በሌላ ወገን ግን፣ ቃሉን በጭፍኑ የሚነቅፍ ሰው የሚዘነጋው የቤተ ክህነት አገባብ አለ። በገድላት ትረካ ቅዱሳን ደመና ጠቅሰው ከአገር ወደ አገር ይሄዳሉ፤ ደመና እንደ ፈረስ ይጫናል። እንግዲህ ቃሉ በአማርኛ አእምሮ ውስጥ ክፉ ብቻ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን አገባቦች አስተያይተን ስናይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ በእኛ ዘንድ ደመና መጓጓዣ ነው እንጂ ማኖሪያ አይደለም። በደመና ይሄዱበታል፤ በደመና ውስጥ ግን ማንም ሰው ዕቃ አያስቀምጥም። የእንግሊዝኛው አጠራር የሚፈልገው ደግሞ በዋናነት ማኖሪያነቱን ነው። «ደመና ላይ ነው» የሚለውን ሰምተው «ታዲያ ቢበተንስ?» ብለው የጠየቁ አንዲት እናት በአዲሱ ገበያ አጋጥመውኛል። ሻጩ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው በቋንቋው ውስጥ ካለው የቃሉ ትርጉም በቀጥታ የመነጨ፣ ሊሳቅበት የማይገባ ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ዳታ» የሚለው ሁለተኛው ቃልም ከዚህ የቀለለ ችግር የለበትም። በሕግ ጽሑፍ «ዳታ» የታወቀ ትርጉም አለው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ቃሉን በውሰት ተቀብለውታል። በከተማው የዕለት ተዕለት አነጋገር ግን ዳታ ማለት የሞባይል በይነ መረብ ማለት ነው። «ዳታ አብራ»፣ «ዳታዬ አለቀ»፣ «ዳታ ሙላልኝ» ሲባል የሚበራው፣ የሚያልቀውና የሚሞላው የተገዛው ጥቅል ነው። ስለዚህ «ዳታው ደመና ላይ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሕግ ዐዋቂው «መዝገቡ በሩቅ ተቀምጧል» ብሎ ሲሰማው፣ የሰፈሩ ሰው «ኢንተርኔቱ ከላይ ይመጣል» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ሁለቱም አማርኛ ያውቃሉ፤ የተለያዩት ቃሉን ከተማሩበት ቦታ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ከስሞቹ ይልቅ የሚያሳስቡት ግሦቹ ናቸው፤ ተጠቃሚው በየቀኑ የሚነካው ግሡን ነውና። የክሮምቡክም ሆነ የስልክ ገጽታ በአማርኛ ሊቀርብ መቻሉ የሚመሰገን ነገር ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ባይካተት ኖሮ ይህን ሁሉ ለመተቸት እንኳ ዕድል ባላገኘን ነበር። ከገጽታ ቃላቱም መካከል የተሳካላቸው አሉ። «ከመስመር ውጭ» የሚለው አንዱ ነው፤ በጥሬው የተተረጎመ ቢሆንም፣ «መስመር የለም»፣ «መስመሩ ተቋረጠ» እያለ ከቴሌፎን ጋር ለኖረ ተናጋሪ ቃሉ ቤቱን ያገኘ ነው።

«ጫን» የሚለው ግን ሌላ ነው። መጫን በአማርኛ ሸክምን በከብት ወይም በመኪና ላይ ማድረግ ነው። ተርጓሚዎች ይህን ግሥ አንድን ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ውስጥ ለማስገባት ተጠቀሙበት፤ መልካም፤ ዕቃው ተሸካሚ ሆነ። በሌላ ቦታ ደግሞ ሰነድን ከኮምፒውተሩ አውጥቶ ወደ ሩቁ ማዕከል ለመላክ ይኸው «ጫን» ይነገራል፤ አሁን ተሸካሚው ሌላ ነው። በሦስተኛ ቦታ «ተጫን» አለ፤ ቁልፉን በጣት መጫን። ለተለመደው ኮምፒውተር ይህ መደራረብ ብዙ ጉዳት የለውም። በመረብ ለሚኖረው ኮምፒውተር ግን ዋናው ልዩነት ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ነው፤ ወደ ውስጥ ይገባል ወይስ ወደ ውጭ ይሄዳል? አንዱ ግሥ ሁለቱንም ሲያደርግ ተጠቃሚው ንብረቱ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ሄደ የሚያውቅበት ምልክት ያጣል። ለሁለተኛው «ስቀል» ብለው የለዩ ተርጓሚዎች አሉ፤ ከ«አውርድ» ጋር ተቃራኒ ጥንድ ስለሚሆን ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ምንም እንኳ የሰቀሉት ነገር ግድግዳ ላይ ሲታይ እንጂ ተሸሽጎ ሲቀመጥ የማይታሰብ ቢሆንም። ለሕዝብ ለሚታይ ቪዲዮ «ስቀል» ይስማማዋል፤ ለቤተሰብ ፎቶግራፍ ግን «ላክ» ወይም «ወደ ቋት አስገባ» ቢባል ይሻላል።

«አስቀምጥ» የሚለው ከሁሉም በላይ አታላይ ነው፤ ቃሉ እጅግ ትክክለኛ አማርኛ ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ዕቃ ሲያስቀምጥ ቦታውን ያውቃል፤ በሣጥን፣ በቆጥ፣ በባንክ። ቋንቋው «የት?» የሚለውን ጥያቄ ከግሡ ጋር አብሮ ያመጣዋል። በማያው ላይ ያለው «አስቀምጥ» ግን መልስ አይሰጥም፤ ገዢውም በፊቱ ካለው ሣጥን ሌላ የሚያየው ስለሌለ፣ እዚያው የተቀመጠ ይመስለዋል። «ስምረት» የሚለው ደግሞ በሁለት ቦታ ያሉ ቅጂዎችን አንድ ለማድረግ የተመረጠ ነው። ሰመረ ማለት ግን ተሳካ ማለት ነው፤ «አስምር» የሚለውን ትእዛዝ ያነበበ ተማሪም ማስመሪያውን ያነሣ ይሆናል። «ማመሳሰል» የሚለው የታወቀ ቃል እያለ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ አይደለም። «አቃፊ» ስለሚባለውም ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ መጽሐፍን ለሚይዘው የቆዳ መያዣ «ማኅደር» የሚል ስም ለዘመናት የነበረው ሕዝብ ሰነዱን በእቅፍ እንዲይዝ መደረጉ ያስገርማል። ይህን ለሌላ ጊዜ እንተወው።

የሩቅ ነገር በቅርብ ዕቃ ስም ሲጠራ አሁን የመጀመሪያችን አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት እየተሠራጨ በየክፍሉ በተሰቀለ ማያ ሲሰጥ፣ ተማሪው የጠቅላላውን ሥርዓት ስም «ፕላዝማ» አለው። ፕላዝማ ሊያያቸው የሚችላቸው ቁራጭ ብርጭቆ ነበር፤ መምህሩ፣ ስቱዲዮውና ሳተላይቱ አይታዩም። ስለዚህ መብራት ሲጠፋም፣ ሥርጭት ሲቋረጥም፣ ትምህርቱ ሲፈጥንም ተወቃሹ ያው «ፕላዝማ» ነበር። በ«ፕላዝማ» የሚታየው ክፍል የማይታየውን ዋጠው፤ በ«ደመና» ደግሞ የማይታየው እንደማይታይ ሆኖ ተሰየመ። ሁለቱም ስሞች ለተጠቃሚው አንድ ነገር አይነግሩትም፤ በሌላው ጫፍ ያለው ማን እንደ ሆነ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በይነ መረብ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ጊዜ፣ በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተመሳሳይ መቋረጥ ደርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰነዱን በራሱ ሣጥን ያኖረ ሰው ሰነዱ በእጁ ነው፤ በሩቅ ያኖረው ግን ሰነዱ ሳይጠፋ ሊደርስበት አይችልም። ይህን ልዩነት ከግዢ በፊት ሊያውቅ የሚገባው ሰው ነበር «ደመና ላይ ነው» የተባለው።

እንግዲህ ምን ይባል? የአቅራቢው ሐሳብ ሁለት ስያሜዎችን ይመለከታል። አንደኛው ስለ ማኖሪያው ነው። አማርኛ ንብረትን በሌላ ሰው እጅ ለማኖር «አደራ» የሚል ቃል አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አደራን ራሱን የቻለ የውል ዓይነት አድርጎ ደንግጎታል። አደራ ያለ አደራ ሰጪና ያለ አደራ ተቀባይ አይታሰብም፤ ቃሉ ገና ሲነገር «ለማን?» ያሰኛል። የሚከዳውንም ሰው ቋንቋው «አደራ በላ» ብሎ አስቀድሞ ሰይሞታል። «የመረጃ ቋት» የሚለው ስያሜ ከወፍጮ ቤትና ከእህል ማኖሪያ ተነሥቶ ያለ ችግር ስለ ተለመደ፣ ሩቁን ማከማቻ «የአደራ ቋት» ብንለው ሁለት የታወቁ ቃላት አንድ አዲስ ነገርን ይገልጹልናል። አንዳንድ ባልደረቦች አደራ በቸርነት የሚደረግ ነገር ነው፤ ኩባንያ ግን ለጥቅሙ ይሠራል ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ጉግል ለአንድ ተጠቃሚ ያለ ክፍያ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው በክፍያ ነው፤ ይህኛው ወደ ኪራይ ይጠጋል። ሆኖም የሚከፈልበት አደራም አደራ መሆኑ አይቀርም፤ ጠባቂ ደመወዝ ስለ ተቀበለ ኃላፊነቱ አይቀንስምና።

ሁለተኛው ስለ ዕቃው ነው። «የደመና ኮምፒውተር» የሚለው ኮምፒውተሩ ደመና ላይ ያለ ያስመስላል፤ ኮምፒውተሩ ግን እነሆ ጠረጴዛ ላይ ነው። «የደመና ማስላት» የሚለውም ተማሪን ወደ ሒሳብ ክፍል የሚወስድ ነው። በእነዚህ ምትክ «መረብ አደር ኮምፒውተር» የሚለውን አቀርባለሁ። «አደር» በአማርኛ ስያሜ ውስጥ እጅግ ፍሬያማ ከሆኑት መድረሻዎች አንዱ ነው። አርሶ አደርና አርብቶ አደር ከግሥ ጋር፣ ላብ አደርና ወዛደር ከስም ጋር የተሠሩ ናቸው። በሁለተኛው ዓይነት ፊተኛው ስም የመተዳደሪያውን ምንጭ ያመለክታል፤ ላብ አደር በላቡ የሚያድር ነው። መረብ አደርም በመረብ የሚያድር፣ መረብ ሲታጣ ወዲያው የማይሞት ግን የሚቸገር ነው። ከዚህ በላይ ዕቃውን የሚመስል መግለጫ አላገኘሁም።

«አደር» ለሰው እንጂ ለዕቃ አይነገርም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይታወቃል። እውነት ነው፤ እስካሁን አልተነገረም። ነገር ግን ቋንቋው ራሱ በዚህ ዕቃ ላይ ከዚሁ ሥር የወጣ ቃል አስቀድሞ አውሎበታል። ከትምህርት ቤት የተሰናበተው ክሮምቡክ በወጉ ሳይፈታ ከተሸጠ፣ ሲከፈት በቀድሞው ድርጅት «የሚተዳደር» መሆኑን ያሳውቃል፤ አዲሱም ገዢ እንደ ልቡ ሊያዝበት አይችልም። አደረ፣ ተዳደረ፣ አስተዳደረ፤ ሁሉም የግዕዙ «ኀደረ» ልጆች ናቸው። ቀልደኛ ሰው «ያደረ ኮምፒውተር» እያለ ሊተርብ ይችላል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ጉግል የእድሳቱን ዘመን ወደ 10 ዓመት ከፍ ቢያደርገውም ብዙዎቹ አሮጌዎች ዘመናቸው የተገባደደ ስለ ሆነ፣ ተረቡ ያለ ቦታው አይሆንም።

«ደመና»ን ከአፍ ማስወጣት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። መሐንዲሶች በመካከላቸው «ክላውድ» ይበሉ፤ ጋዜጠኛም «ደመና» ቢል በዚያ የሚሞት ሰው የለም። ገደቡ መደረግ ያለበት ለቤት ተጠቃሚ በሚጻፍ መመሪያ፣ በሽያጭ መግለጫ፣ በውልና በገጽታ ትርጉም ላይ ነው። ለእነዚህ የሚሆን ረቂቅ ፍች ቀጥሎ ቀርቧል።

መረብ አደር (ቅ.፣ ስ.)፦ ፕሮግራሙንና የባለቤቱን ሰነድ በአመዛኙ በአደራ ቋት የሚያኖር፣ በራሱ ውስጥ ጥቂት ብቻ የሚይዝ፣ ለሙሉ አገልግሎቱ የመረብ ግንኙነት የሚያስፈልገው ኮምፒውተር።

የአደራ ቋት (ስ.)፦ በሌላ ወገን ይዞታና ኃላፊነት ሥር የሚገኝ፣ ባለንብረቱ በይለፍ ቃሉ በመረብ አማካይነት የሚደርስበት የሰነድ ማኖሪያ።

ብዙ ቁጥሩ በ«ላብ አደሮች» አካሄድ «መረብ አደሮች» ይሆናል፤ «ኮምፒውተር» ሲከተለው ግን ቅጽል ስለ ሆነ በነጠላ ይጸናል፤ «መረብ አደር ኮምፒውተሮች» ይባላል። በጽሕፈትም ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ይጻፋሉ፤ እንደ «ወዛደር» ተዋሕደው «መረባደር» ይባሉ እንደ ሆነ የሚወስነው ተናጋሪው ነው።